አልጋ ከመያዛችሁ በፊት፦ ውሻና ድመትን ለጊዜው አደራ ስለመስጠት

እኛ አገር ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ብቻውን አይተኛም። አስታማሚ ይከተለዋል። ልጁ ወይም እህቱ አብራው ታድራለች፤ ሌላው ደግሞ ምሳና እራት ያመላልሳል። ቤቱ ቀን ቀን ጭር ይላል፣ ማታም ተቆልፎ ያድራል። ታዲያ ግቢ ውስጥ የቀረው ውሻ ምን ይበላል? ድመቷስ?

ጅማ ውስጥ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በሽተኛው አልጋ ይዞ፣ ኦፕራሲዮኑም አልቆ፣ አንድ ጎረቤት ደውሎ «ኧረ ያ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲያላዝን አደረ» ይላል። ያኔ አስታማሚው ከበሽተኛው አልጋ ሥር ተነስቶ በባጃጅ ወደ ቤት ይበራል። አስቀድሞ ቢታሰብበት ግን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

መመሪያው ለሁለት ሰው ነው፤ ሆስፒታል ለሚገባው ባለቤትና እንስሳውን ለሚቀበለው ወዳጅ። ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው። አደራው ቀን ይቆረጥለት፣ ወጪው ከማን እንደሆነ ይነገር፣ ተጠባባቂ ሰውም ይኑረው። ሦስቱ ከሌሉ እንስሳውም ይጎዳል፣ ጉርብትናውም ይሻክራል።

ቀጠሮ ሲቆረጥላችሁ ጀምሩ

የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ከተያዘላችሁ ጊዜ አላችሁ። ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁ። ስንት ቀን ነው የምተኛው? ከወጣሁ በኋላስ ጎንበስ ማለትና ዕቃ ማንሳት የማልችለው እስከ መቼ ነው? ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ይበልጣል። ትልቅ የሆድ ኦፕራሲዮን ያደረገ ሰው በሳምንት ውስጥ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ከባድ ነገር እንዳያነሳ የሚከለከለው ግን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ሰንሰለት የሚጎትት ጎረምሳ ውሻ ደግሞ ከባድ ነገር ነው።

ከነገሯችሁ ቀን ላይ ጨምሩበት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የከተማው ሰው ብቻ የሚታከምበት አይደለም። ከአጋሮ፣ ከበደሌ፣ ከቦንጋ፣ ከሚዛንም በሽተኛ ይመጣል። ቀጠሮ ሊገፋ ይችላል። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የሚጻፍለትም አለ፤ ያ ማለት 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መክረም ነው። ስለዚህ «ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው» ብላችሁ አደራ አትስጡ። «ለሦስት ሳምንት ያዝልኝ፤ ቀድሜ ከተነሳሁ ቀድሜ እወስደዋለሁ» በሉ። የተባለው ቀን ሲያጥር ደስ የማይለው ሰው የለም። ሲረዝም ግን እያንዳንዷ ቀን ትቆጠራለች።

ይሂድ ወይስ እዚያው ይቆይ?

ድመት ቤቷን ትወዳለች። ወደ ሌላ ሰፈር ብትወሰድ በመጀመሪያው ክፍት መስኮት ወጥታ ወደ ለመደችው ቤት ልትጓዝ ትችላለች። መሐል ላይ አስፋልት አለ፣ ውሻ አለ፣ የክረምቱ የአዌቱ ወንዝም አለ። ስለዚህ ለድመት የሚሻለው እዚያው ቤቷ ቆይታ አንድ ሰው ጠዋትና ማታ እየመጣ ቢያያት ነው። ምግብና ውኃ ያድርግላት፣ የምትጸዳዳበትን አመድ ወይም አሸዋ ይቀይር፣ ትንሽም ያጫውታት። ግቢው ውስጥ ተከራይ ካለ ነገሩ ቀለለ።

የግድ መሄድ ካለባት ግን አንድ ክፍል ይሰጣት። መስኮቱ ይዘጋ። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ከዚያ ቤት አትውጣ። ስትወሰድ በክንድ ታቅፋችኋት ባጃጅ ላይ አትውጡ፤ አንድ ጡሩምባ ሲነፋ ፊት ቧጭራ ትዘላለች። አየር የሚያስገባ ካርቶን ወይም ክዳን ያለው ዘንቢል ይበቃል።

ውሻ ይለያል። ግቢው ውስጥ የሚያድር፣ ውሻው የሚያውቀው ሰው ካለ እዚያው ይቆይ። ግቢው ተቆልፎ የሚያድር ከሆነ ግን መሄድ አለበት። አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጅማ ማታ ማታ ጅብ የሚዞርባት ከተማ ናት። የታሰረ ውሻ ደግሞ መሸሽም መታገልም አይችልም። የጅማ ዝናብም ሲጀምር ለወራት ነው፤ ቤቱ የሚያፈስ ከሆነ ጭቃ ላይ ነው የሚተኛው። ፈቶ መልቀቁ መፍትሔ አይደለም። በርሃብ አጥር ዘሎ ይወጣል። አንገቱ ላይ ማሰሪያ የሌለው ውሻ ከወጣ ደግሞ ባለቤት እንደሌለው ነው የሚቆጠረው።

ዶሮ ላላችሁ፣ ከነቆጧ ለጎረቤት መስጠት ቀላል ነው። «እንቁላሉ የእናንተ ነው» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ካልተናገራችሁ እንቁላሉን የሚያጠራቅምላችሁ ደግ ሰው አይጠፋም፣ ሲበላሽም ያዝናል።

ለማን ይሰጥ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው።

የታመመ ሰው ሲለምን እምቢ የሚል የለም። ይሉኝታ አለ። «ምን ችግር አለው፣ አንቺ ብቻ ተሻይልኝ» ይባላል። ይህ ምርቃት እንጂ መልስ አይደለም። በማግስቱ ውሻው ሲመጣ ባልየው ውሻ እንደማይወድ፣ ትንሿ ልጅ እንደምትፈራ፣ አጥሩም አንድ ጎኑ ክፍት እንደሆነ ይታወቃል። መናገር ግን አሁን ነውር ይሆናል።

ስለዚህ ስትጠይቁ የመውጫ በር አብጁላቸው። «እትዬ፣ እምቢ ቢሉኝ በፍጹም አልቀየምም። ከቤት ሰው ጋር ይመካከሩና ነገ ይንገሩኝ» ማለት ይቻላል። ወይም ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው ይጠይቅላችሁ፤ ለሦስተኛ ሰው እውነቱን መናገር ይቀላል። መልሱን ስትሰሙ ደግሞ ጥያቄ አለው ወይ ብላችሁ አድምጡ። «ይናከሳል? ምን ይበላል? ማታ የት ነው የሚያድረው?» ብሎ የጠየቀ ሰው በልቡ ተቀብሏል። ምንም ሳይጠይቅ እሺ ያለውን ግን እንደገና ጠይቁት።

ጅማ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን ግድግዳ ለግድግዳ ነው የሚኖረው። ብዙ ሙስሊም ጎረቤቶች ውሻ ቤት ውስጥ አያስገቡም፤ ምራቁ ልብስና ዕቃ ከነካ ለሶላት መታጠብ አለ። ይህ መከበር አለበት፤ «እሱ እንኳ ንጹሕ ነው» ተብሎ ሙግት አይገባም። ድመት ግን በደስታ የሚቀበሉ ሞልተዋል። ውሻውንም ቢሆን እዚያው ግቢው ውስጥ እያለ በራሱ ሰሃን ሊያበሉላችሁ የሚችሉ አሉ። ሰሃኑን፣ የውኃ ዕቃውንና መጥረጊያውን እናንተ አቅርቡ፤ የእነሱ ዕቃ አይነካካ።

የክርስቲያን ቤት ከሆነ ደግሞ ጾሙን አስቡ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋም ወተትም ቤት አይገባም። ውሻው ከቤቱ የሚተርፈው እንጀራና ሽሮ ነው የሚደርሰው። ድመት ደግሞ ያለ ሥጋ ጤና አይኖራትም፤ ሰውነቷ ከእህል የማያገኘው ነገር አለ። በጾም ወቅት አደራ የምትሰጡ ከሆነ ሥጋውን ራሳችሁ አዘጋጁ፣ የሚቀቀልበትንም ድስት አብራችሁ ላኩ። በረመዳንም የቤቱ የምግብ ሰዓት ወደ ማታ ስለሚዞር፣ የእንስሳውን ሰዓት ቀድሞ መነጋገር ነው።

እርጉዝ ያለችበት ቤት ድመት ሲገባ አሸዋውን የምታጸዳው እሷ መሆን የለባትም። በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፍ ለጽንስ አደገኛ የሆነ ተውሳክ አለ። ሌላ ሰው በየቀኑ ቢያወጣው አደጋው ይቀንሳል፤ ተውሳኩ ወደ ሰው ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋልና። ሕፃናት ያሉበት ቤት ደግሞ ልጅ ያልለመደ ውሻ አይሂድ።

አንድ ጥሩ አማራጭ ተማሪዎች ናቸው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን ነው። ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ካገኛችሁ ከብዙ ሰው የተሻለ እጅ ነው። ፈተና መቼ እንደሆነና መቼ ወደ አገራቸው እንደሚሄዱ ብቻ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ለውሻ ይገባል ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። ይገባል። ብቻዋን ለምትኖር አሮጊት ያ ውሻ የበሩ ጠባቂም የቀኑ ወሬ አጫዋችም ነው። በሌላው ዓለምም በዚሁ ጉዳይ የተደራጁ አሉ። እንግሊዝ ውስጥ ሲናሞን ትረስት የሚባል በጎ አድራጎት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የአዛውንቶችንና በጠና የታመሙ ሰዎችን እንስሳት ባለቤቶቹ ሆስፒታል ሲገቡ በፈቃደኞች ቤት ያሳድራል። ውሻዬን ማን ያይልኛል ብሎ ሕክምናውን የሚያዘገይ ሰው ስላለ ጉዳዩ የጤና ጉዳይም ነው።

ክትባትና የትል መድኃኒት

ያልተከተበ ውሻ ወደ ሰው ቤት አይላክም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ውሻው 3 ወር ሲሞላው ይጀመራል፣ በየዓመቱም ይደገማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ከሆነ መከላከያው እስኪሠራ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ስለሚወስድ ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት። ድመትም ትከተባለች። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ዋናውን ለተቀባዩ ስጡ።

የትል መድኃኒትም ከመሄዱ በፊት ይሰጠው። በዓል ሲታረድ የበጉን ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ መወርወር የለመደ ቤት ብዙ ነው። ውኃ የቋጠረ ነገር ያለበትን ሳንባ የበላ ውሻ ሆዱ ውስጥ የኮሶ ዓይነት ትል ያበቅላል። የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ወደ ሰው አፍ ከደረሰ ደግሞ የሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ውኃ ያስቋጥራል። አፈር ላይ የሚጫወት ልጅ ያለበት ቤት ልካችሁት እንዳይሆን። ሆድ ዕቃ ይቀቀል፣ በደንብ ይብሰል። መዥገርና ቁንጫውም ይታይ።

አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ

በቃል የተነገረ ይረሳል። ደብተር ላይ አንድ ገጽ ይበቃል። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ስሙ ቦቢ ነው። 4 ዓመቱ ነው። ጠዋት እምብዛም አይበላም። ማታ 12 ሰዓት ላይ አንድ ሰሃን ይበቃዋል። ወጥ አይስጡት። ነጎድጓድ ይፈራል፤ ሲፈራ ጥግ ይገባል፣ ያኔ በእጅ አይጎትቱት፣ ራሱ ይወጣል። ልጆች ይወዳል፤ ሲበላ ግን ሰሃኑን ማንም አይንካበት። ባጃጅ ሲያይ ይሮጣል፣ በር ሲከፈት ይጠንቀቁ። ክትባቱ ኅዳር ላይ ተሰጥቶታል፣ ወረቀቱ አብሮ አለ። ከታመመ ሐኪም ጋ ይውሰዱት። እስከ 2,000 ብር እኔን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እህቴን ይጠይቁ። የምወስደው ጥር 20 ነው። ከዘገየሁ ከጥር 20 በኋላ የወንድሜ ልጅ ይወስደዋል፤ ተነጋግረናል።»

ከዚያ ሦስት ስልክ ይጻፍ፤ የእናንተ፣ የአስታማሚውና የተጠባባቂው። ስለ ሕክምናው ገንዘብ የተጻፈችው መስመር ትንሽ ትመስላለች፤ ብዙ ትጠቅማለች። እናንተ ማደንዘዣ ላይ ስትሆኑ ስልካችሁ አይነሳም፤ ሰውየው ደግሞ በራሱ ብር መወሰን ይጨንቀዋል።

ክፉ ጠባይ ካለው አትደብቁ። ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ ከሆነ ተናገሩ፤ «እንዳይፈሩት ብዬ ነው» አይሠራም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ እንስሳውን ተረክቦ የያዘውን ሰው ያነሳል። ተቀባዩ ምን እንደተረከበ የማወቅ መብት አለው።

ምግቡና ብሩ

ብር አውጥታችሁ ብትሰጡ «ኧረ ተይ፣ ነውር ነው» ትባላላችሁ። ስለዚህ በዓይነት አድርጉት። የበቆሎ ዱቄት ወይም ሩዝ ገዝታችሁ አብራችሁ ላኩ። ሥጋ ቤት ሄዳችሁ የሦስት ሳምንት ቅንጥብጣቢ በቅድሚያ ክፈሉ፤ ባለ ሥጋ ቤቱ በሳምንት ሁለት ቀን ለእገሊት ይስጥ። የተቀባዩ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ተቀብሎ ይገባል። ማንም አያፍርም፣ ማንም አይከስርም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቅንጥብጣቢውን በውኃ ቀቅሉ፣ በመረቁ የበቆሎ ገንፎ ወይም ሩዝ አብስሉ፣ አቀዝቅዛችሁ ስጡ። ጨው፣ በርበሬና ሽንኩርት አይግባ። ሽንኩርት በጥሬም በብስልም የውሻንና የድመትን ደም ያበላሻል፤ ቀይ የደም ሴሎቻቸውን ያፈርሳል። ድመት ላይ ይብሳል፣ ነጭ ሽንኩርትም ያው ነው። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። እንጀራ ብቻውን ወይም በመረቅ ርሶ ይሻላል።

ጅማ ላይ አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ። ቡና። ደጅ የተሰጣ ቡና የሚቆረጥም ቡችላ አለ። ከጀበና የተደፋ አተላ የሚልስም አለ። ቡና ለውሻም ለድመትም መርዝ ነው፤ ልብ ያስመታል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ብዙ ከሆነ ይገድላል። አተላው ግቢ ውስጥ አይደፋ። የበሰለ የዶሮ አጥንትም አይሰጥ፤ ይሰነጠርና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ለትልቅ ድመት ወተት ብዙ ጊዜ ሆድ ያስቀምጣታል፤ ውኃ ይበቃታል። ያ ቤት የአይጥ መርዝ ያስቀመጠ እንደሆነም ጠይቁ፤ መርዝ የበላች አይጥ የበላች ድመት አብራ ልትሞት ትችላለች።

የርክክቡ ቀን

ከቀኑ በፊት ውሻውን ይዛችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ተቀባዩ ቤት ሂዱ። ቡና ጠጡ፣ ተጫወቱ፣ ይዛችሁት ተመለሱ። ያንን ግቢ ከእናንተ ጋር ያያይዘዋል።

ቆጪ ሰፈር አንዲት እናት ውሻቸውን ሲያስረክቡ ያየሁት አሁንም ለሌላው የምነግረው ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ገና ብርሃን ሳለ መጡ። ዱካ ላይ ተቀምጠው አንድ ስኒ ቡና ጠጡ። ከራሳቸው ላይ ሻሻቸውን ፈተው ለውሻው በተዘጋጀው ጆንያ ላይ አነጠፉት። ሻሹ አልታጠበም፤ ጠረናቸው አለበት። ከዚያ ብዙ ሳያባብሉት ተነስተው ወጡ። ተቀባይዋ ውሻውን አልነካችም፣ አልጠራችውም። ውኃ አስቀመጠችለትና ሩዝ መልቀሟን ቀጠለች። ውሻው በሩ ላይ ሲያለቃቅስ ቆይቶ ሄዶ አፍንጫውን ሻሹ ውስጥ ቀበረ። ማታ ከሰሃኑ ግማሹን በላ።

ሦስት ነገር ያዙ። በብርሃን አስረክቡ። ያልታጠበ ልብስ አብራችሁ ላኩ። ስንብቱን አታራዝሙ፤ እናንተ ስታለቅሱ እሱ የሚረዳው አደጋ እንዳለ ነው።

ለተቀባዩ፦ የመጀመሪያው ሳምንት

አብዛኛው የሚያመልጠው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። በሩን ስትከፍቱ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ መከላከያ ይኑር፤ ወይ ታስሮ፣ ወይ ከቤት ውስጥ በር ጀርባ። ካመለጠ መጀመሪያ የሚፈለገው በባለቤቱ በር ላይ ነው። ስሙን እየጮሃችሁ አታባርሩት፤ ቁጭ ብላችሁ ምግብ አሳዩት።

ውሻ የመጀመሪያውን ቀን፣ አንዳንዴም ሁለተኛውን፣ ባይበላ አትደንግጡ። ውኃ ከጠጣ ይበቃል። ድመት ግን ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ጋ ትሂድ፤ በተለይ ወፍራም ድመት ስትራብ ጉበቷ ቶሎ ይጎዳል። አልጋ ሥር ብትደበቅ ተዋት፤ ሌሊት ወጥታ ትበላለች።

ማታ ሊያላዝን ይችላል። ለጎረቤቶቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ «የእገሊት ውሻ ነው፣ ሆስፒታል ገብታ ነው» ሲባል ሰው ይታገሣል። አትምቱት። ሌላ ውሻ ካላችሁ ሁለቱን ግቢ ውስጥ አታገናኟቸው፤ መንገድ ላይ፣ ሁለቱም ታስረው፣ ጎን ለጎን እየሄዱ ይተዋወቁ። ምግብ ለየብቻ።

ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ዓይነ ምድሩ ደም ካለበት፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ውኃ ካልነካ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት። ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው ግን አትንኩት። በር ዝጉበትና ባለሙያ ጥሩ።

ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ያዙ። የዚያኑ ዕለት ጤና ተቋም ሂዱ፣ ክትባት ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል። ፀበልም ባህላዊ መድኃኒትም የሚሄድ ይሂድ፣ ይህን ግን አያዘግይ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ውሻውን ደግሞ አትግደሉት። ታስሮ 10 ቀን ይታይ። 10 ቀኑን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነው። ሰውየው ግን ያንን 10 ቀን ጠብቆ አይደለም ሕክምና የሚጀምረው።

ለበሽተኛው ምን ይነገር?

በቴሌግራም ፎቶ ላኩ። በየሁለት ቀኑ አንድ ይበቃል። ሰሃኑ ባዶ ሆኖ፣ ውሻው ጥላ ሥር ተኝቶ የሚያሳይ ፎቶ ለታመመ ሰው እረፍት ነው። ወደ ሆስፒታሉ ግን ይዛችሁት አትሂዱ።

ክፉ ነገር ከደረሰ፣ ጠፍቶ ወይም ሞቶ ከሆነ፣ መጀመሪያ ለአስታማሚው ንገሩ። አስታማሚው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ሰዓቱን ይምረጥ። መርዶ ሰዓት እንዳለው እናውቃለን፤ ለዚህም አለው። ነገር ግን በሽተኛዋ በቀጥታ ከጠየቀች በእኔ እምነት ሐሰት አይነገራት። «ደህና ነው» ተብላ ቤቷ ስትገባ ባዶ ጆንያ የምታገኝ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የምታዝነው።

ወደ ቤት ሲመለስ

እናንተ በወጣችሁበት ቀን ውሻው አይምጣ። ጥቂት ቀን ይቆይ። ናፍቆት ያለበት ውሻ ሆድ ላይ ነው የሚዘለው፣ ስፌቱ ደግሞ ገና ነው። በክራንች የምትሄዱ ከሆነ እግር ሥር ይጠላለፋል። ሲመጣ ሌላ ሰው ሰንሰለቱን ይያዝ፣ እናንተ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ መጀመሪያ እጃችሁን ያሽትት።

ቁስሉን እንዲልስ አትፍቀዱ። «የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው» የሚለውን ተዉት፤ ምራቁ ቁስል የሚያመረቅዝ ጀርም አለው። ስፌቱ እስኪደርቅ ተሸፍኖ ይቆይ፣ ከነካችሁት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ አልጋ ላይም አይተኛ። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ወይም አቅሙ በጣም የደከመ ሰው ስለ እንስሳው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የድመት ጭረት እንኳ ለእሱ ቀላል አይደለም።

ለተቀባዩ ምስጋናው በሰዓቱ መውሰድ ነው። ቡናውና ዳቦው ይከተላል።

መውሰድ የማይቻል ከሆነስ? ባለቤቱ ሊያርፍ ይችላል፤ ወይም ልጆቹ አዲስ አበባ ይዘውት ሊቀሩ ይችላሉ። ለዚህ ነው ወረቀቱ ላይ ተጠባባቂ ሰው የተጻፈው። ቤተሰቡ ከለቅሶው በኋላ «እስቲ ይቆይ» ብሎ እንዳይተወው። ተቀባዩም ቀኑ ሲያልፍ የመጠየቅ መብት አለው፤ ነውር አይደለም። ሊያስቀረው ከፈለገም በግልጽ ይባልና የእሱ ይሁን።

ድንገት ከሆነስ?

የባጃጅ አደጋ ቀጠሮ አይሰጥም። ምጥም እንዲሁ። ጎረቤታችሁ በድንገት ሆስፒታል ከገባ የዚያኑ ማታ ለአስታማሚው ደውላችሁ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ቁልፉ የት ነው? ውሻው ይናከሳል፣ ተከትቧልስ? ከቤተሰቡ ሌላ የሚያውቀው ሰው ማን ነው? ከዚያ በላይ አታስጨንቁት።

ጠባቂ ውሻ ያለበት ግቢ ብቻችሁን አትግቡ። መጀመሪያ ከበሩ ውጭ ሆናችሁ በስሙ ጥሩት፣ እንጀራ በበሩ ሥር አሳልፉለት። የሚያውቀው ሰው ካለ፣ የቤት ሠራተኛዋ ወይም ወተት የሚያመጣው ልጅ፣ እሱ ይቅደም። ከምግብ በፊት ውኃ ይግባለት። በማግስቱ በብርሃን አብራችሁ ግቡና የአንገት ማሰሪያውን፣ የሚተኛበትን ጨርቅና የክትባቱን ወረቀት ፈልጉ። ወረቀቱ ካልተገኘ ያልተከተበ ነው ብላችሁ ያዙት፤ ልጆች አይጠጉት፣ የእንስሳት ሐኪም መጥቶ እስኪያየው እዚያው ግቢው ውስጥ አብሉት።